ቁመቷን ያህል ብራና

የድሮ ደብተራ ክታብ ሲያዘጋጅ መጀመሪያ የሚለካው የሰውየውን ቁመት ነበር። ብራናው ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ካልደረሰ፣ ሳይሸፈን የቀረው ገላ ለዓይነ ጥላ ክፍት ነው ይባላል። የአያቴን ክታብ ዘርግቼ አጠገቡ ብቆም ትከሻዬን እንኳ አያልፍም። አጭር ነበረች።

ሦስት ቁራጭ ብራና በጠፍር ተሰፍቶ ነው የተቀጣጠለው። ከላይ ሰይፉን የመዘዘ መልአክ ዓይኑን አፍጥጧል። ወረድ ሲል ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ላይ ሆኖ የሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን በጦር ይወጋታል። ጸሎቱ በጥቁር፣ የክርስትና ስሟ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ከስሟ ሥር ግን የተፋቀ የሌላ ሰው ስም ፍንጩ ይታያል፤ ከእሷ በፊት ባለቤት ነበረው ማለት ነው። ያችም አጭር ሳትሆን አትቀርም።

ዓይኖቹ ለጌጥ አልተሣሉም። በበሽተኛው ያደረው ጋኔን እነሱን ሲገጥም ይሸሻል ነው እምነቱ፤ ዓይንን በዓይን። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ከጣሪያው ቁልቁል የሚያዩትን የመላእክት ፊቶች ባየሁ ቁጥር ይኸው ክታብ ትዝ ይለኛል (ቄሶቹ ቢሰሙኝ ደስ አይላቸውም)።

ስኮትላንዳዊው የሥነ ሰብ ምሁር ጄምስ ፍሬዘር (1854–1941) እንዲህ ያለውን አስማት በሁለት ይከፍለዋል፦ አንዱ በመመሳሰል፣ ሌላው በመነካካት የሚሠራ። አያቴ ሰውየውን ሳታውቀው በሁለቱም ኖራለች። «አንች ልጅ፣ ጠጉርሽን የትም አትጣይው፣ ሰው ያገኘዋል» ትለኝ ነበር። ጥፍራችንን ቆርጣ በጨርቅ ቋጥራ ትቀብረዋለች። የክርስትና ስማችንን ለጎረቤት መናገርማ የማይታሰብ ነው፤ መተተኛ ስምን ከነእናት ስም ካገኘ ሰውየውን እንዳገኘው ይቆጠራል።

እስከዚህ ድረስ እወደዋለሁ። ነገር ግን ይህችው አያቴ ጎንደር አጠገብ ካለችው መንደር ከወለቃ ሸክላ ይዘው የሚመጡ ሴቶች ልጅ እንዲያዩባት አትፈልግም ነበር። ብረትን በእሳት የሚለውጥ፣ ጭቃን ምንቸት የሚያደርግ ሰው ራሱንስ ጅብ ማድረግ ምን ያቅተዋል? የቡዳ ወሬ የቆመው በዚሁ የመመሳሰል ሂሳብ ላይ ነው። ልጅ ሲታመም ደግሞ ከተጠረጠረው ሰው ልብስ ቅዳጅ ተፈልጎ ይጨስበታል፤ ይህ የመነካካቱ ወገን ነው። ቀጥቃጮቹና ሸክላ ሠሪዎቹ ቤተ እስራኤል በዚህ ወሬ ጎረቤት ሆነው ሳለ እንደ ባዕድ ኖሩ። ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ወጡ። በግንቦት 1983 ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። ወሬው ግን አብሯቸው አልተሳፈረም።

እኔን የሚያናድደኝ ሂሳቡ ራሱ አለመግጠሙ ነው። የነካኩት ነገር ኃይላቸውን ይዞ የሚቀር ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት የሚያስፈራው በእጃቸው ያበጁት ጀበናና ድስት መሆን ነበረበት። ጎንደር ውስጥ ግን በዚህ ምክንያት ቡናውን የተወ ሰው አላየሁም።

እህቴ አራስ ናት። ክታቡን ለልጇ ራስጌ ጠየቀችኝ፤ ክትባቱን እስካላስቀረች ድረስ ትስቀለው፣ ምን ቸገረኝ። ቀጥላ ግን «ሸክላ የምትሸጠዋ ሴትዮ በዚህ ስለምታልፍ ፊቱን ሸፍኚው» አለችኝ።

«ጀበናሽን ከማን ገዛሽው?» አልኋት።

«እሱ ሌላ ነው» አለች፣ ተቆጥታ።