ያቺን ድምፅ ማን አዜማት?

ትናንት ማታ መሳቢያ ሳጸዳ አንድ የድሮ የኖታ ወረቀት አገኘሁ። ጠርዙ ተበልቷል፤ የታጠፈበት ቦታ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም። ሦስተኛው መስመር ላይ በእርሳስ የተጻፈች ትንሽ ኮማ አለች። ኮማዋ ተሰርዛለች። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ በላይዋ ሌላ ሰረዝ አለ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ወረቀቱን ሊበሳ የደረሰ ሦስተኛ ሰረዝ። ኮማ ማለት "ተንፍሺ" ነው። ሰረዙ "አትተንፍሺ" ነው። ሦስቱም ሰረዞች የጋሼ ናቸው፤ ኮማዋ የኔ ናት።

አለቀስኩ ብዬ አላጋንንም። ሳቅኩ። የከበደኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሼ የኳየራችን መሪና የሙዚቃ አስተማሪያችን ነበሩ። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ስለ እሳቸው ለመጻፍ ስንቴ ጀምሬ ስንቴ ትቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ "ታላቅ ሰው ነበሩ" ምናምን የሚለው ላይ ስደርስ ራሴን ይሰለቸኛል። ስለዚህ ዛሬ እንደመጣልኝ ልጻፍ።

ከሳቸው በፊት ሌላ አስተማሪ ነበረችን። ልጅ ሆኜ ለአንድ ዝግጅት ስንለማመድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "አንቺ ድምፅ አታውጪ፣ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ" አለችኝ። በክፋት ይመስለኛል ማለት ይከብደኛል፤ ዝግጅቱ እንዳይበላሽባት ነው። ግን እኔ ለዓመታት አፌን ብቻ ሳንቀሳቅስ ኖርኩ። ጎበዝ ሆኜበትም ነበር፤ ማንም አያውቅብኝም።

ጋሼ በመጀመሪያው ቀን አወቁብኝ። እየዘመርን በየመደዳው መሃል ይመላለሱ ነበር፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው። አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ። "ጉሮሮሽ አይንቀሳቀስም" አሉኝ። በቃ፣ ሌላ ምንም አላሉም፣ አለፉ። ልምምዱ ሲያልቅ ግን ፒያኖው ጋ ጠርተውኝ አንድ ቁልፍ መቱ። "እዚህ በዪ።" አልደርስበትም። አንድ ዝቅ አሉ። አሁንም የለም። እንደገና ዝቅ። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ላይ ድምፄ ከፒያኖው ድምፅ ጋር ሲገጥም ራሴ ደነገጥኩ። "ድምፅ የለሽም ያለሽ ማነው? ቦታ ተሳስተሽ ነው የቆምሽው" አሉና ከሶፕራኖ፣ ከቀጭኑ የሴቶች ድምፅ መስመር፣ አንስተው አልቶ፣ ወፍራሙ ውስጥ አቆሙኝ።

አሁን ሳስበው ነገሩ ቀላል ነው። ዜማው የሚጀመርልን ለኔ ድምፅ በማይሆን ከፍታ ነበር። እንዲህ ሆኖ "አልችልም" ብሎ የቀረ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ።

የሙዚቃ መሪዎች የሚይዙትን ዱላ አይዙም ነበር። በባዶ እጅ ነው የሚመሩት፤ ቀኙ ምቱን ይይዛል፣ ግራው የቀረውን ሁሉ ይናገራል። ለምን ዱላ እንደማይዙ ስንጠይቃቸው የዣን ባቲስት ሉሊን ታሪክ ይነግሩናል። በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት የነበረው አቀናባሪ ነው፤ በ1687 እ.ኤ.አ. ሙዚቃ እየመራ ምት የሚይዝበትን ረጅም ዘንግ የገዛ እግሩ ላይ መታው፣ ቁስሉ መረቀዘና ሞተ። ጋሼ ይህን ሲተርኩ እግራቸውን አንስተው ያሳያሉ። ሁልጊዜ። እኛም ሁልጊዜ እንስቃለን፣ መቶ ጊዜ የሰማነውም ጭምር።

ኖታ የማያነብ ልጅ ሲመጣ በእጅ ምልክት ነው የሚያስጀምሩት፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያለ ለሚወጣው ለእያንዳንዱ ድምፅ ስም አንድ ምልክት አለው። ዶ የተጨበጠ እጅ ነው። ሚ ወደ መሬት የተዘረጋ መዳፍ። ሶል መዳፍ ወደ ደረት የዞረ። ላ ከእጅ አንጓ የተንጠለጠለ እጅ፣ ቲ ወደ ላይ የቀሰረ ጣት። ከቲ በቀር ስሞቹን የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ ጊዶ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ ከአንድ መዝሙር ስንኞች መነሻ እንደወሰዳቸው፣ ያኔ "ዶ" ሳይሆን "ኡት" ይባል እንደነበር የሰማሁት ከሳቸው ነው። የእጅ ምልክቶቹ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፤ እንግሊዛዊው ጆን ከርወን አደራጃቸው፣ በኋላ በሀንጋሪው አቀናባሪ በኮዳይ የሙዚቃ ማስተማሪያ መንገድ ዓለምን አዳረሱ። እኛ ለጥናት ብቻ አልተጠቀምንባቸውም። ሌላ ክፍል ውስጥ፣ ፈተና ላይ፣ አንዱ ከወዲያ ማዶ ዜማ በእጁ ይልክና ሌላው ሳቁን መያዝ ያቅተዋል።

አንድ ምሽት ግን ከሁሉ በላይ አይረሳኝም። ፒያኖውን ዘጉት። "ይሄ ይዋሻል" አሉ። ባሶቹን፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸውን ወንዶች፣ ዶ አስያዟቸው፣ ቴነሮቹን፣ ቀጭን ድምፅ ያላቸውን ወንዶች፣ ሶል፣ ሶፕራኖዎቹን የላይኛውን ዶ። እኛን አልቶዎችን ሚ ላይ አቆሙንና በግራ እጃቸው ዝቅ፣ ዝቅ፣ በጣም ትንሽ ዝቅ አሉን። የፒያኖ ሚ ከዶ ጋር በትክክል ከሚገጥመው ሚ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ግማሽ ድምፅን መቶ ቦታ ብትከፍሉት 14ቱን ያህል። ፒያኖ በሁሉም ቁልፍ እንዲያገለግል ሲባል የሚከፈል ዋጋ ነው አሉን። የሰው ጉሮሮ ግን ያንን ዋጋ አይከፍልም። እኛ ምኑም አልገባንም፣ እጃቸውን እያየን ብቻ ወረድን። ድንገት ድምፁ ተቆለፈ። መንቀጥቀጡ ጠፋ፤ አራት ድምፅ መሆኑ ቀረና አንድ ነገር ሆነ፤ ከኛ በላይ፣ ከጣሪያው ስር፣ እንደ ፉጨት የቀጠነች ሌላ ድምፅ ተሰማች።

እጃቸውን ጨበጡ፣ አቆምን። "ያቺን ድምፅ ማን አዜማት?" አሉ። ተያየን። ሶፕራኖዎቹ "እኛ አይደለንም" አሉ፣ እንደተከሰሰ ሰው። ማንም አልነበረም። አራቱ ድምፆች በትክክል ሲገጥሙ የየራሳቸው ረቂቅ ድምፆች ተደራርበው የሚወልዷት ናት። ከዚያ ቀን በኋላ ልምምድ የምንመጣው እሷን ፍለጋ ነበር ብል ውሸት አይሆንብኝም። ሁልጊዜ አትመጣም። ስትመጣ ጋሼ አይናገሩም፣ ቅንድባቸው ብቻ ከፍ ይላል።

መልአክ ግን አልነበሩም። ይቆጡ ነበር። አምስት ደቂቃ ያረፈደ ሰው በር ላይ ቆሞ ይሰማል እንጂ አይገባም። ቴነሮችን ያቆላምጣሉ፤ ቴነር የትም ቦታ ስለሚያንስ እንዳይኮበልሉባቸው ይመስለኛል። "ጎበዝ" ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። የመጨረሻው ድምፅ ካለቀ በኋላ መቃኛ ሹካቸውን ጉልበታቸው ላይ መትተው ጆሯቸው ጋ ያስጠጋሉ፣ በሰከንድ 440 ጊዜ የምትንቀጠቀጠዋን ላ ይሰሙና መውረድ አለመውረዳችንን ያጣራሉ። ያለ መሣሪያ የሚያዜም ኳየር ሳያውቀው ከጀመረበት የድምፅ ከፍታ ይወርዳል። የኛ ፍርድ ፊታቸው ላይ ነው የሚነበበው።

የመውረዳችን ዋና ተጠያቂ ደግሞ እኔ ነበርኩ፣ እሳቸው እንደሚሉት። ረጅም ድምፅ ላይ ሁሉም በአንዴ አይተነፍስም፤ ጎረቤትሽ ስትተነፍስ አንቺ ትይዣለሽ፣ እሷ ስትመለስ አንቺ ቀስ ብለሽ ትንፋሽ ትሰርቂያለሽ፣ ሰሚው ግን ያልተቋረጠ ድምፅ ነው የሚሰማው። እኔ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ሁሉም የሚተነፍስበት ቦታ ላይ ነው የምተነፍሰው። "እዚያ ስትተነፍሺ ዝቅ ብለሽ ነው የምትመለሺው፣ ሌላውንም ይዘሽ ትወርጃለሽ" ይሉኛል። በ2013 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች አብረው የሚያዜሙ ሰዎች የልብ ምታቸው አብሮ እንደሚፈጥንና አብሮ እንደሚዘገይ፣ ምክንያቱም ትንፋሻቸው እንደሆነ ጽፈው ነበር። ዜናውን ወስጄ ሳሳያቸው "አንቺ እኮ ታዲያ ልባችንን ልታቆሚው ነው" አሉኝ።

መጨረሻ ላይ ድምፃቸው ጠፋ። ልጠይቃቸው ስሄድ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ምን እንደምናገር ጠፍቶኝ ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ እቀባጥራለሁ። ሰሙኝ ሰሙኝና እጃቸውን አነሱ። መዳፋቸውን ወደ ደረታቸው አዞሩ። ሶል። ከዚያ ወደ መሬት ዘረጉት። ሚ። ቀስ ብዬ አዜምኳት። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ አደረጉ። ወርጄ ነበር! እዚያም ሆነው! ደገምኩት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ደከማቸው፣ ልሂድ" ብዬ ስነሳ እጃቸው እንደገና ሶል አለች።

ለመታሰቢያቸው ተሰብስበን ይሄንኑ ከመሳቢያ ያገኘሁትን ዜማ አዜምን። ያለ ፒያኖ፣ ያለ መሪ። ከፊት ለፊታችን ማንም እንዳይቆም ተስማምተን ነበር። ስንጨርስ ዝም አልን። ከባሶቹ አንዱ ከኪሱ መቃኛ ሹካ አወጣ፣ ጉልበቱ ላይ መታ፣ ጆሮው ጋ አደረገ። ፊቱን አየን። ግማሽ ድምፅ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ወርደናል።

"ሶፕራኖዎቹ ናቸው" አለ።

"እናንተ ናችሁ ከስር የተንሸራተታችሁት!" አለች አንዷ። ቴነሮቹ እንደልማዳቸው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ጭቅጭቁ ደረጃው ላይ ቀጠለ፣ ደጅ ወጥተንም አላበቃም፣ እያለቀሱም እየሳቁም የሚጨቃጨቁ ነበሩ።

እኔ ዝም አልኩ። የት ጋ እንደወረድን አውቃለሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። ተንፍሼ ነበር።