ጎማው የፈነዳ መስሎኝ ነበር

አስፋልቱ አልቆ አሸዋው የሚጀምርበት ቦታ ላይ አስጎብኚያችን መኪናውን አቆመና ወረደ። ቁጢጥ ብሎ የፊቱን ጎማ ማስተንፈስ ጀመረ። ሽሽሽሽ... "ገና ሳንጀምር ጎማ ፈነዳ" ብዬ ጓደኛዬን ጎሸም አደረግኩት። አመነኝ። ሰውየው አንዱን ጨርሶ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ሲሄድ ግን ዝም አልኩ።

የበረሃ ሳፋሪ ቪዲዮዎች ላይ ይሄን ክፍል አያሳዩም። የሚያሳዩት መኪናው ከአሸዋ ክምር አናት ላይ ቁልቁል ሲወረወርና ሰው ሲጮህ ነው። እኔም የሄድኩት ለጩኸቱ ነው፣ አልዋሽም። አሁን ግን ሰው "እንዴት ነበር?" ሲለኝ የማወራው ስለ ጎማ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ የነበረውን ንፋስ ወደ 15 አወረደው። ንፋሱ ሲቀንስ ጎማው ይተኛል፣ አሸዋውን የሚነካው ክፍል በርዝመት ይጨምራል፣ የመኪናው ክብደትም ተዘርግቶ ያርፋል። በደንብ የተነፋ ጎማ ግን አሸዋውን እየቆረጠ ወደ ታች ይገባል። የግመል እግር ሲረግጥ እንዴት እንደሚንጣለል አስቡት፣ ያው ነው።

ይሄን ብልሃት ካሳወቁት ሰዎች አንዱ ራልፍ ባግኖልድ የሚባል የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ ከጓደኞቹ ጋር በፎርድ መኪና የሊቢያን በረሃ ያስስ ነበር። ሰውየው አሸዋ ሳይለክፈው አልቀረም። አገሩ ተመልሶ በሠራው የንፋስ መሞከሪያ ውስጥ አሸዋ እያበነነ ሲያጠና ከርሞ፣ በ1941 ስለ አሸዋ ክምር ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ወደ እኛ ልመለስ። ከመነሳታችን በፊት አስጎብኚው ቀበቷችንን አንድ በአንድ እየጎተተ አየ። ነፍሰ ጡር፣ የወገብ ወይም የአንገት ሕመም ያለበት ሰው ካለ ይውረድ አለ፤ ቀልድ እንዳልሆነ ከፊቱ ያስታውቃል። ለየአንዳንዳችን ፌስታል ሰጠን። እኔ ጀግናው ስልኬን አሸዋ እንዳይገባበት ብዬ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩት። ይሄን ነገር ያዙልኝ።

የመጀመሪያውን ክምር ስንወጣ ቀላል ነበር። ንፋስ በሚመጣበት በኩል ያለው ጎን ለጥ ያለና ጠጠር ያለ ነው። ጉዱ ያለው ከአናቱ ማዶ ነው። እዚያ ስትደርሱ ለአንድ አፍታ ከፊታችሁ ሰማይ ብቻ ነው የሚታየው፣ መሬት የለም፣ ከዚያ የመኪናው አፍንጫ ዝቅ ይልና ሆዳችሁ ወደ ላይ፣ እናንተ ወደ ታች። ያ ጎን በንፋስ ተንከባሎ የመጣ አሸዋ የሚራገፍበት ስለሆነ ልል ነው። ደረቅ አሸዋ ከ34 ዲግሪ ገደማ በላይ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም፣ ይናዳል። 34 ዲግሪ ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። ከውስጥ ሆኖ ላየው ግን ገደል ነው፣ እመኑኝ።

ሰውየው ፍሬን እምብዛም አልነካም። መኪናውን ወደ ጎንም አላዞረም፣ አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ ለቀቀው። ለምን ሲባል፣ እንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ መኪና ወደ ጎን ከዞረ ሊገለበጥ ይችላል። አሸዋው ከግራና ከቀኝ እንደ ውሃ አብሮን ይወርዳል። ጓደኛዬ ፈጣሪን ጠራ። እኔም ጠራሁ፣ ጓደኛዬ ግን ድምፁ ከእኔ ይበልጣል።

አራተኛው ወይ አምስተኛው ላይ ተያዝን። ከፊት የነበረው መኪና አናቱን አልፎ ከዕይታችን ጠፋ። የእኛ ሰው ደግሞ ማዶውን ሳያይ መዝለል ስላልፈለገ ቀዝቀዝ አለ፣ እና መኪናው አናቱ ላይ በሆዱ ቁጭ አለ። እኔ ከኋላ "ነዳጅ ስጠው!" አልኩ። በመስታወት አየኝ። ምንም አላለም፣ አስተያየቱ ግን በቂ ነበር። ጎማው ባዶውን በተሽከረከረ ቁጥር ጉድጓዱን ያጠልቃል እንጂ አያወጣም። ወርዶ በአካፋ ከመኪናው ሆድ ሥር አሸዋውን ጠረገ፣ ጎማውን እንደገና ትንሽ አስተነፈሰና መኪናውን በመጣንበት ዱካ ወደ ኋላ አወጣው። እኛን አስወርዶን ስለነበር ዳር ቆመን አየነው።

ያጥወለወለኝም ያኔ ነው፣ መኪናው ቆሞ። ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ ሲናጥ ዓይን ደግሞ የፊት ወንበር ጀርባ ላይ ተተክሎ ከዋለ፣ ሁለቱ አይስማሙም። ከፊት ተቀምጦ አድማስ አድማሱን ማየት ይረዳል ይላሉ። እኔ የተቀመጥኩት የመጨረሻው ወንበር ላይ ነበር፣ ያውም ጠግቤ በልቼ። ፌስታሉን ሳነሳ ስልኬ አለበት። ስልኩን እስካወጣ ጊዜ አልነበረም፣ ሮጬ ከክምሩ ጀርባ ዞርኩ። እዚያ ያለውን ዝምታ ግን አልረሳውም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሰው አይታይም፣ አሸዋው ብቻ በንፋስ እየተንሸራተተ የጫማዬን ዱካ ከጫፍ ከጫፉ ይደፍናል። ባላስመልስ ኖሮ እዚያ አልሄድም ነበር።

ከምሽቱ በፊት ወደ አስፋልቱ ዳር ተመለስን። በተነፈሰ ጎማ አስፋልት ላይ በፍጥነት መንዳት ጎማውን አግሎ ያበላሸዋል፣ ስለዚህ አስጎብኚው ትንሿን የንፋስ መጭመቂያ ከመኪናው ባትሪ ጋር አገናኘና መንፋት ጀመረ። ማስተንፈሱ ደቂቃዎች ነው፣ መንፋቱ ግን ጊዜ ይፈጃል። መለኪያውን ለእኔ ሰጠኝና "35 ሲደርስ ጥራኝ" ብሎ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። 22... 23... ጓደኛዬ መጥቶ "ምን ሆኗል፣ ፈነዳ እንዴ?" አለኝ።