ሐኪሙ ስለ ድመቷ ጠየቀ

ዛሬ ከእህቴ ጋር ልጇን ይዘን ሐኪም ዘንድ ነበርን። ትኩሳቱ አልለቅ ብሏታል፣ ራሷን ያማታል፣ ሆዷ ላይም ሽፍታ ወጥቷል። ሐኪሙ የሳልና የተቅማጥ ጥያቄውን ሲጨርስ ወደ ልጅቷ ዞሮ "ድመት አለሽ?" አላት። ትኩሳቷን ረስታ ወሬዋን ቀጠለች። ማታ አብራት እንደምትተኛ ሳይቀር! እሱ ሁሉንም ይጽፋል። እህቴ ግራ ገብቷት ታየኛለች።

ለካ የጠረጠረው በቁንጫ የሚተላለፈውን ተስቦ ነው። ባክቴሪያው ያለው የቁንጫው ኩስ ውስጥ ነው፤ የተነከሰው ቦታ ሲታከክ ወደ ሰውነት ይገባል። ትኩሳቱ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቆይቶ ነው። ሽፍታው ሁሉም ላይ ስለማይወጣ ከሌላ ትኩሳት ጋር በቀላሉ ይምታታል። የደም ምርመራውም መጀመሪያ ላይ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ውጤት ሳይጠብቅ ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አዘዘላት። "ጥርሷን አያበላሽም?" አለች እህቴ። ለአጭር ጊዜ ሲሰጥ ለትንንሽ ልጆችም ችግር እንደሌለው አስረዳት።

ልጅ ሲያተኩሰው ምን በላ፣ ብርድ መታው ወይ እንላለን። አልጋው ላይ ማን አብሮት እንደሚተኛ ማን ይጠይቃል?

ድመቷ የቁንጫ መድኃኒት ታዞላታል። አይጥ ያለበት ቤት ግን መጀመሪያ ቁንጫውን ማጥፋት ይሻላል፤ አይጡ ቀድሞ ከሞተ ቁንጫው ሌላ የሚነክሰው ፍለጋ ይወጣል።