የ17 ዓመት የሆኪ ተጫዋች ለድራፍት እንዴት ይመዘናል?

በየዓመቱ በኤንኤችኤል (በሰሜን አሜሪካው ዋና የበረዶ ሆኪ ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት፣ 32 ክለቦች በ7 ዙር 224 ያህል ወጣቶችን ይመርጣሉ። ከነዚህ መካከል አብዛኞቹ በሊጉ ቋሚ ቦታ ሳያገኙ ይቀራሉ። መልማዮቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። የሚያዩት የ17 ዓመት ልጅ ነው፤ የሚጠየቁት ግን ልጁ በ23 ዓመቱ ምን እንደሚሆን ነው። ቶሮንቶ፣ ኤድመንተን ወይም ስቶክሆልም ሆናችሁ ልጅ ወደ ሪንክ (ወደ በረዶ ሜዳ) የምታመላልሱ፣ ወይም ድራፍቱን ለፍቅሩ ብቻ የምትከታተሉ ከሆነ፣ ሥራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ ልጻፍላችሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ነጥብ፣ ማለትም የተጫዋቹ ጎልና አሲስት (ለጎል ያበቃ ቅብብል) ድምር፣ የሚጠቅመው ከየት እንደመጣ ከተፈታ ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት የልደት ቀኑን ጠይቁ። የድራፍቱ የዕድሜ ገደብ ሴፕቴምበር 15 ነው። እስከዚያ ቀን 18 የሞላው በዚያው ዓመት ይመረጣል፤ በማግስቱ የሚሞላው ቀጣዩን ዓመት ይጠብቃል። ኦስተን ማቲውስ የተወለደው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 17 ቀን 1997 ነው። በሁለት ቀን የ2015 ድራፍት አመለጠው፤ ጊዜውን ግን ስዊዘርላንድ ውስጥ ለዙሪክ ከአዋቂዎች ጋር እየተጫወተ አሳለፈውና በ2016 ቶሮንቶ በአንደኛነት መረጠው። እንግዲህ በአንድ ድራፍት ውስጥ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ብቻ የቀረው የዕድሜ ልዩነት ያላቸው ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ አንድ ዓመት በቁመትም፣ በጉልበትም፣ በልምድም ብዙ ነው። ፍትሐዊው ንጽጽር የትልቁን ልጅ የአምና ውጤት ከትንሹ የዘንድሮ ውጤት ጋር ማስተያየት ነው። ይህን የሚዘነጋ ሰው ሁልጊዜ ቀድሞ ላደገው ያደላል። ከ1980 ጀምሮ የነበሩ ድራፍቶችን የመረመረ ጥናት በዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ የተወለዱት፣ በኋላ ካሳዩት ውጤት አንጻር፣ ሊመረጡ ከሚገባቸው ከ40 ቦታ በላይ ወደኋላ ቀርተው እንደተመረጡ አሳይቷል። ክለቦቹ ይህን ያህል ገንዘብ እያፈሰሱ እንዲህ ያለ ቀላል ስህተት መደጋገማቸው ሁሌም ይገርመኛል።

ከዚያ ነጥቡን በትኑት። ሁለት ልጆች እንውሰድ። አንዱ በ68 ጨዋታ 72 ነጥብ አለው፤ በጨዋታ 1.06 ይደርሳል። ሌላው በ60 ጨዋታ 54 ነጥብ አለው፤ 0.90 ነው። የመጀመሪያው ይበልጣል? ከ72ቱ 30ው በፓወር ፕሌይ፣ ማለትም ተጋጣሚ ሰው ተቀጥቶበት በጎደለበት ሰዓት የመጣ ከሆነ፣ የሚቀረው 42 ነው፤ በጨዋታ 0.62። ሁለተኛው በፓወር ፕሌይ ያገኘው 10 ብቻ ከሆነ 44 ይቀረዋል፤ 0.73። ደረጃው ተገለበጠ። ፓወር ፕሌይ የሚናቅ ሆኖ አይደለም፤ ላይኛው ሊግ ሲደርስ ያ ቦታ ለክለቡ ምርጥ አምስት ሰዎች ስለሚሰጥ ልጁ ላያገኘው ይችላል። ተጋጣሚ ግብ ጠባቂውን ባስወጣበት ሰዓት ባዶ ጎል ላይ የገቡትንም ቀንሱ። ከአሲስቶቹ ደግሞ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ለዩ፤ በሆኪ ለአንድ ጎል እስከ ሁለት አሲስት ስለሚመዘገብ፣ ሁለተኛው አንዳንዴ ፓኩን (የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) ከኋላ ቀጠና ገፋ ከማድረግ አያልፍም።

የምት ብዛትም ይታይ። በ200 ምት 40 ጎል ያገባ ልጅ ከአምስት ምት አንዱን አስገብቷል። በኤንኤችኤል አማካዩ ከአሥር አንድ ገደማ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ወይ ልዩ ተኳሽ ነው፣ ወይ ዘንድሮ ዕድል ቀንቶታል፤ የአምናውን ቁጥር ሳያዩ መለየት አይቻልም። በጨዋታ አራት አምስት ጊዜ የሚመታ ግን ያልገባለት ልጅ ብዙ ጊዜ የተሻለ ምርጫ ነው።

ከማን ጋር ነው የሚጫወተው? አሌክስ ዲብሪንካት በ2014–15 ለታዳጊ ክለቡ ኢሪ 51 ጎል ሲያገባ አብሮት ኮነር ማክዴቪድ ነበር፤ ማክዴቪድ በዚያ ዓመት በ47 ጨዋታ 120 ነጥብ ያስመዘገበ ልጅ ነው። ጎሎቹን ማክዴቪድ ነው የሰጠው ያለ ሰው አይፈረድበትም። ማክዴቪድ ወደ ኤድመንተን ከሄደ በኋላ ግን ዲብሪንካት እንደገና 51 አገባ። መልሱ እዚያ ነበር። ቢሆንም ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ በ2016 39ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ከዚያ በቺካጎ ማሊያ ሁለት ጊዜ በአንድ የውድድር ዘመን 41 ጎል አስቆጠረ።

የሊጉ ደረጃ ሌላ ጉዳይ ነው። በስዊድን ወይም በፊንላንድ ዋናው ሊግ ከአዋቂዎች ጋር የሚሰለፍ የ17 ዓመት ልጅ አንዳንዴ በጨዋታ ስምንት ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ በረዶ ላይ ይወጣል። የእሱ አምስት ነጥብ ከካናዳ ታዳጊ ሊግ አምስት ነጥብ ጋር አይነጻጸርም፤ አሠልጣኙ አምኖ ማሰለፉ ራሱ ማስረጃ ነው። የሪንኩም ስፋት ይለያያል። የኤንኤችኤል ሜዳ 61 በ26 ሜትር ሲሆን በአውሮፓ የተለመደው 60 በ30 ነው። ያቺ አራት ሜትር ጎን ላይ ፓክ ይዞ ለማሰብ ጊዜ ትሰጣለች፤ ጠባቡ በረዶ ላይ ጊዜው ይጠፋል።

አሁን ወደ ሪንኩ እንግባ፤ ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ጨዋታውን ሳይሆን ልጁን እዩ። በረዶ ላይ የሚወጣው በየተራው ለ45 ሰከንድ ያህል ነው፤ ከወጣ ጀምሮ ወንበሩ ላይ እስኪመለስ ዓይናችሁን ከእሱ አትንቀሉ፣ ፓኩ ሌላ ጥግ ቢሆንም። መጀመሪያ የምመዘግበው ፓኩ ከመድረሱ በፊት አንገቱን ዞር አድርጎ ከኋላው ማን እንዳለ ማየቱን ነው። ያየ ልጅ ፓኩን ሲቀበል ውሳኔው አልቋል። ያላየ ልጅ ተቀብሎ ያስባል፤ ታዳጊ ሊግ ላይ ያስብበት፣ ላይኛው ሊግ ላይ ግን ትከሻ ይመታዋል። ቀጥሎ ፓኩን ወዴት እንደሚወስድ አያለሁ። ወደ መሐል፣ ወደ ጎሉ ፊት ነው ወይስ ሁልጊዜ በግድግዳው ዳር? በዳር እየዞረ የሚያመልጠው ልጅ ነጥብ የሚያገኘው ተከላካዮቹ ስለሚዘገዩለት ነው፤ ከፍ ሲል የሚዘገይ ተከላካይ የለም። ፓኩን ሲነጠቅ ወዲያው መልሶ ይሮጣል ወይስ እጁን ወደ ዳኛው ያነሳል? ይህ ጠባይ በ17 ዓመት ካልተተከለ በኋላ መትከል ከባድ ነው።

የምርጥ ቅንጭብ ቪዲዮዎችን አትመኑ፤ የተሳካውን ብቻ ነው የሚያሳዩት። ሙሉ ጨዋታ፣ ያውም የተለያየ ዓይነት ያስፈልጋል፦ በሜዳው፣ ከሜዳው ውጭ፣ ከጠንካራ ተጋጣሚ ጋር። የካናዳ ታዳጊ ክለቦች አንዳንዴ በሦስት ቀን ሦስት ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ሦስተኛውን መርጣችሁ እዩ። ድካም እውነቱን ያወጣል።

መንሸራተት ላይ የሚታረመውን ከማይታረመው መለየት ያስፈልጋል። ጉልበቱን ሳያጥፍ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ የመጀመሪያ ሦስት እርምጃው ደካማ የሆነ ልጅ ጡንቻ ሲጨምርና ጥሩ አሠልጣኝ ሲያገኝ ይሻሻላል። ብሬደን ፖይንት በ2014 79ኛ የተመረጠው በቁመቱና በእግሩ ጥርጣሬ ነው። ታምፓ ውስጥ ከ1984ቷ የዓለም የጥንድ ሸርተቴ ሻምፒዮን ባርብ አንደርሂል ጋር ሠርቶ በፍጥነቱ የሚፈራ ተጫዋች ሆነ። ጨዋታውን ቀድሞ ማንበብ የማይችለውን ግን የትኛውም የእግር አሠልጣኝ አያድነውም።

ረጃጅሞቹ ላይ ተጠንቀቁ። በ193 ሴንቲ ሜትርና በ95 ኪሎ ታዳጊዎችን የሚገፈትር ልጅ ሲታይ ያጓጓል፤ “ገና ያድጋል” ይባልለታል። እድገቱን ግን አስቀድሞ ጨርሶ ሊሆን ይችላል። እጁና ውሳኔው ላይ አንድም የመሻሻል ምልክት ሳይታይ በቁመት ብቻ መተማመን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሕግ ሁሉ የሚያፈነግጥ አለው። ኬል ማካር በ2016–17 ብሩክስ ውስጥ በ54 ጨዋታ 75 ነጥብ ሲያስመዘግብ ሊጉ ከዋናዎቹ የካናዳ ታዳጊ ሊጎች በታች የሆነው የአልበርታው ነበር፤ የተወለደውም በኦክቶበር ስለሆነ በድራፍቱ ከትልልቆቹ አንዱ ነበር። በወረቀት ሲሰላ ሁለቱም ይቀንሱበታል። ኮሎራዶ ግን አራተኛ አድርጎ ወሰደው፤ እግሩን በዓይኑ ያየ ሰው አይጠራጠርም ነበር።

ግብ ጠባቂን በመጀመሪያው ዙር መውሰድ እኔ አልደግፍም። ብስለታቸው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሪክ ዲፒዬትሮ በ2000 አንደኛ ተመረጠ፣ የተጠበቀውን ያህል ግን አልሆነም፤ በኋላ ከምርጦቹ ግብ ጠባቂዎች የሆኑት ኮነር ሄለበክ በ2012 130ኛ፣ ኢጎር ሼስተርኪን በ2014 118ኛ ነበሩ። ግብ ጠባቂው ያዳናቸው ምቶች መቶኛ ከፊቱ ያለውን መከላከያ ጭምር ስለሚለካ ብቻውን አይበቃም። ከጎን ወደ ጎን ሲሻገር ተረጋግቶ ይደርሳል ወይስ ይወድቃል፣ ፓኩን አዳነ ወይስ ፊቱ ላይ ተወው፣ እሱን እዩ።

በጁን መጀመሪያ ቡፋሎ የሚደረገውን የአካል ብቃት ፈተና በፍጥነት ልለፈው። ብስክሌት፣ ዝላይ፣ ክብደት፤ በረዶ የለም። ሳም ቤኔት በ2014 አንድም ጊዜ በእጁ ተንጠልጥሎ ራሱን መሳብ አቃተው ተብሎ ተወራበት፤ አራተኛ ተመረጠ፣ በ2025 ደግሞ ከፍሎሪዳ ጋር የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን በሚወስነው ፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፍ ዙር) ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ከፈተናው ይልቅ የሕክምና ምርመራውና ከክለቦቹ ጋር የሚደረገው ቃለ መጠይቅ ይጠቅማል።

በኤፕሪል የሚካሄደው የ18 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ከድራፍቱ በፊት የሚታይ የመጨረሻው ትልቅ ውድድር ስለሆነ ሁሉም ዝርዝሩን እንደገና ይጽፋል። አንድ ቡድን እዚያ የሚጫወተው ቢበዛ ሰባት ጨዋታ ነው። ክለቦቻቸው ገና በፕሌይኦፍ ላይ ያሉ ካናዳውያን አይመጡም፤ ደካማ ቡድን ላይ በአንድ ምሽት አራት ነጥብ ማግኘትም ይቻላል። ኖቬምበር ላይ 40ኛ ያደረጋችሁትን ልጅ በዚህ ምክንያት 15ኛ ከማድረጋችሁ በፊት የኖቬምበሩን ማስታወሻ አውጥታችሁ፣ ያኔ ያልነበረ አዲስ ነገር በረዶው ላይ አሳይቶ እንደሆነ ፈልጉ። ካላሳየ እዚያው 40 አካባቢ ተዉት።