ከፍለህ ደግሞ ራስህ ታጥባለህ?

ለእረፍት ደብረ ማርቆስ በገባሁ በማግስቱ እማዬ ጃኬቴን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ አንድ እፍኝ ሳንቲም አገኘች። 11 ኳርተር፣ የአሜሪካ 25 ሳንቲም። ረከቦቱ አጠገብ ዘረገፈችውና "ይኼ የምን ስሙኒ ነው?" አለችኝ። የላውንደሪ ነው አልኳት።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር ላውንደሪ ማለት ሱፍህን ሰጥተህ፣ ደረሰኝ ተቀብለህ፣ ከቀናት በኋላ ታጥቦና ተተኩሶ የምትወስድበት ቤት ነዋ። እኔ የማወራላት ደግሞ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአፓርታማዬ ትንሽ ራቅ ብሎ ስላለው፣ ሰው ሳይሆን ማሽን ብቻ ስለሚቀበልህ ቤት ነው። ልብስህን በከረጢት ተሸክመህ ትሄዳለህ። ራስህ ትከታለህ፣ ሳንቲሙን ታጎርሰዋለህ፣ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ፣ ራስህ አውጥተህ ወደ ማድረቂያው ታዞራለህ፣ ራስህ ታጥፋለህ።

እማዬ ሰምታ ሰምታ፣ "ከፍለህ ደግሞ ራስህ ታጥባለህ?" አለች።

"አዎ።"

"ሳሙናውስ?"

"እሱም የራሴ ነው።"

ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታችን "ኧረ ተይው፣ ልጁን አታሳቅቂው" ብለው ራሳቸው በሳቅ ፈረሱ።

እኔ ግን ለስሙኒ ክብር የተማርኩት እዚያ ነው። እዚህ መንገድ ላይ ወድቆ ብታየው ጎንበስ አትልም። እዚያ እኔ የምጠቀምበት ማሽን አንድ ዙር 3 ዶላር ከ50 ነበር፤ 14 ኳርተር ማለት ነው። ማድረቂያው ደግሞ በአንድ ኳርተር ስድስት ሰባት ደቂቃ ነው የሚዞርልህ። ጂንስ ካለህ ቆመህ ማጉረስ ነው። ጥግ ላይ ዶላር የሚዘረዝር ማሽን አለ፣ ብሩ ትንሽ ከተጨማደደ ግን መልሶ ይተፋዋል። ጭኔ ላይ ዶላር በመዳፌ ስተኩስ ያመሸሁበት ቀን ብዙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ጭራሽ ሳንቲም ጠፋ። ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ ሳንቲሙ በየሰው ቤት ተኝቶ ቀረ፣ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ፌደራል ሪዘርቭም ለባንኮች በራሽን ማደል ጀመረ። ባንክ ሄጄ አንድ ጥቅል ኳርተር ስጠይቅ (40 ፍሬ ነው፣ 10 ዶላር) ልጅቷ የሌለ ነገር የለመንኳት ያህል አየችኝ። ያን ሰሞን እኛ አበሾች የምንበዳደረው ስሙኒ ነበር። ዶላር የሚያበድርህ ሰው ስሙኒ ሲሆን ያንገራግራል።

ይኼን ሁሉ እያወራሁ እማዬን ያዘናጋኋት መስሎኝ ነበር። "ጋቢህስ?" አለች በመሃል።

ዝም አልኩ።

ስሄድ የሰጠችኝ ጋቢ፣ ጥጡን ራሷ የፈተለችው። በመጀመሪያው ክረምት ወጥ ደፋሁበትና ይዤው ሄድኩ። ኦሞውን እንደ አገሬ በእፍኝ ጨመርኩ፤ አረፋው በመስታወቱ በኩል እንደ ጠላ ገንፍሎ ታየኝ። አራት ድርብ ጋቢ ውሃ ከጠጣ በኋላ ክብደቱን እናንተ ታውቁታላችሁ። መጭመቂያው ላይ ሲደርስ በአንድ ጎን ተጠቅልሎ ማሽኑን ያንገጫግጨው ጀመር፤ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ቅርጫቷን አንስታ ፈንጠር ብላ ቆመች። ይባስ ብዬ እንዲደርቅልኝ ማድረቂያውን መጨረሻው ሙቀት ላይ አድርጌ አሥር ኳርተር አጎረስኩት። ሲወጣ ደረቅ ነው፣ ይሞቃል፣ ግን ጋቢ አይደለም። ስለብሰው ወገቤ ላይ ቀረ። አሁን ሶፋ ላይ የእግር መጠቅለያ ነው።

እማዬ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሲኒውን እያጠበች "ጋቢ እኮ በእንዶድ ነው የሚታጠብ። በእግር ተረግጦ" አለች። ልክ ናት። ልጅ ሆነን ጨሞጋ ወርደን ስናጥብ ደረቁን የእንዶድ ፍሬ ወቅጣ፣ አረፋ አስይዛ፣ ጋቢውን ድንጋይ ላይ እኛ ልጆቹን ታስረግጠን ነበር። ከዚያ ሣሩ ላይ ይሰጣል፣ የእኛ ሥራ ከብት እንዳያልፍበት መጠበቅ ነው። (ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፣ በቀንድ አውጣ ለሚዛመተው ቢልሃርዚያ ያጠናው ይኼንኑ እንዶድ ነው። ለቀንድ አውጣ ጨካኝ፣ ለጋቢ ግን ለስላሳ።)

ስመለስ ሌላ ጋቢ ሻንጣዬ ውስጥ አገኘሁ። "ይኼን በስሙኒ እንዳታሳጥበው" ብላኛለች በስልክ።

አላሳጠብኩም። መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቼ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ እረግጠዋለሁ። መስቀያው ግን የሻወሩ መጋረጃ ዘንግ ነው፣ ሦስት ቀን ይንጠባጠባል።