ጊቤ የሚያልቅበት መንደር

ጅማን አቋርጦ የሚያልፈውን አዌቱን የማያውቅ የከተማችን ሰው የለም። በክረምት ከየኮረብታው የታጠበውን ቀይ አፈር ተሸክሞ ከድልድዩ ሥር እየተገላበጠ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ ከዚያ ግልገል ጊቤን፣ በግልገል ጊቤም በኩል ትልቁን ጊቤን ይቀላቀላል፤ የጎጀብ ውኃ ሲታከልበት ደግሞ ኦሞ ተብሎ ወደ ደቡብ ይጓዛል። የጂኦግራፊ መምህር እንደ መሆኔ ይህንን መንገድ ለዓመታት በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስዬዋለሁ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን «ቱርካና ሐይቅ ይገባል» ብዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈው ነበር። ሰው የሚኖርበት መሆኑን በዓይኔ ካየሁ ወዲህ እንዲያ ማለፍ አልቻልኩም።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. አብሮኝ ተምሮ ኦሞ ቱርካና ሐይቅ በሚገባበት በዳሰነች ወረዳ የተመደበ መምህር ጓደኛዬን ልጠይቅ ተነሣሁ። በጭዳና በተርጫ ወደ ሶዶ፣ ከዚያም በአርባ ምንጭ፣ በኮንሶና በቱርሚ አድርጌ የወረዳው ከተማ ኦሞራቴ የገባሁት በአራተኛው ቀን ነበር። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስትሆን፣ የቱርካና ሐይቅ ከፍታ 400 ሜትር እንኳ አይሞላም። ደጋ ለለመደ ሰው እዚያ ቀትር ላይ ጥላ ፈልጎ ከመቀመጥ በቀር የሚሠራ ነገር ያለ አይመስለውም።

ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ወንዙን ተሻግረን ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ተጉዘን ጓደኛዬ የሚያስተምርባት መንደር ደረስን። ኦሞ ወደ ሐይቁ ሲቃረብ በብዙ ክንድ ተከፋፍሎ ይፈሳልና መንደሯ በሁለቱ ክንዶች መካከል ባለ ደለል ላይ ነው የተቀመጠችው። ሠላሳ የማይሞሉ ጎጆዎች ናቸው፤ የሚሠሯቸውም ሴቶች ናቸው። ቀጫጭን እንጨት እንደ ቅርጫት ተቆልምሞ ይተከልና ላዩ በቆዳ፣ በሰሌን፣ አሁን አሁን ደግሞ በቆርቆሮ ቁራጭ ይሸፈናል። የማሽላ ጎተራዎቹ በእንጨት እግር ላይ ከመሬት ከፍ ብለው ተሠርተዋል። ጠዋት ስንነሣ የእንግዳ አክብሮት ይሆን ዘንድ ትኩስ የቡና ገለባ በቅል ቀረበልን። ጅማ ውስጥ ጀንፈሉ ተፈልፍሎ ፍሬው ለገበያ ሲሄድ ገለባው ከመቀሸሪያው ጀርባ ሲከመር እያየሁ ነው ያደግሁት። ያንን ገለባ በክብር ሲያቀርቡልኝ ቅሉን በሁለት እጄ ተቀብዬ እስከ መጨረሻው ጠጣሁ።

ከጎጆው ጥላ ሥር በርኮታቸው ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት የየት አገር ሰው እንደሆንኩ በጓደኛዬ አስተርጓሚነት ጠየቁኝ። «ጅማ» አልኩ፤ ስሙ ምንም አልነገራቸውም። ጓደኛዬ «ወንዙ ከሚነሣበት አገር ነው የመጣው» ብሎ ሲያስረዳቸው ግን ቀና ብለው ትኩር ብለው አዩኝና «ዘንቧል ወይ?» አሉ።

እኛ ደገኞች ይህንን የምንጠይቀው ለሰላምታ ማሟያ ነው። ለእሳቸው ግን የእህል ጥያቄ ነበር። በዚያ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው 400 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ጅማ ላይ የሚወርደው 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የእኛ የሰኔና የሐምሌ ዝናብ በነሐሴና በመስከረም ጎርፍ ሆኖ እነሱ ዘንድ ይደርሳል፤ ወንዙ ከዳርቻው ወጥቶ ሜዳውን ያለብሳል፤ ሲመለስ ጥቁር ጭቃ ትቶ ይሄዳል። ዳሰነቾች ማረሻ አይጠምዱም፤ ጫፉ በሾለ እንጨት ጭቃውን እየወጉ ማሽላውን ይዘሩበታል፤ እርጥበቱም ሌላ ዝናብ ሳያስፈልገው እስከ አጨዳ ያደርሰዋል። ከብትና ፍየልም አላቸው፤ ከብቱን በድርቅ ወይም በበሽታ ያጣ ሰው ግን ወደ ውኃው ወርዶ ዓሣ በማስገር ይኖራል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ዲየስ ይሉታል። ወንዙ ወደ የት እንደሚሄድ አውሮፓውያን ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1888 ዓ.ም. መጨረሻ ተከትሎት እስኪወርድ ድረስ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ያን ጊዜ እነዚህ ሰዎች በዚያው ጭቃ ላይ እየዘሩ ይበሉ ነበር።

አዛውንቱ ተነሥተው ወደ ወንዙ ዳር ወሰዱኝ። በትራቸውን ጭቃው ውስጥ ሰክተው ነቀሉትና እርጥበቱ የደረሰበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው አሳዩኝ፤ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። ልጅ ሳሉ ውኃው እስከ የት ይወጣ እንደነበር በእጃቸው ሩቅ ያለ ቁጥቋጦ አመለከቱ። ከዚያ አንድ ጓል አንሥተው መዳፌ ላይ አፈረሱት፤ እንደ በሶ ዱቄት የላመ ነበር። እኛ «መሬታችን ታጥቦ አለቀ» እያልን የምናዝንበት አፈር እዚህ ማሳ ሆኖ ሰው ያበላል ማለት ነው።

ዛሬ ግን ያ አፈር በመንገዱ ላይ ብዙ ጊዜ ይቆማል። የግልገል ጊቤ የኃይል ማመንጫ ግድብ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ደለል እየሞላው መምጣቱም የአካባቢያችን ተመራማሪዎች የቆየ ሥጋት ነው። ቁመቱ ከ240 ሜትር የሚበልጠው ጊቤ ሦስት በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህንን የምጽፍበት መብራት ከዚያው ወንዝ የሚመጣ ነውና ግድቡን ለመንቀፍ አንደበቴ አይደፍርም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ በሌሊት ሞልቶ የዳሰነችን መንደሮች ሲያጥለቀልቅ 364 ሰዎች መሞታቸውም የሚረሳ አይደለም፤ እንዲያ ያለውን ድንገተኛ ጎርፍ የሚገታ ነገር መሠራቱን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ሰውን የሚገድለው ጎርፍና ሰውን የሚያበላው ጎርፍ በአንድ ወንዝ የሚመጡ ናቸው፤ አንዱን ስንገታ ሌላውንም ገትተናል። ግድቡ ሲታቀድ በየዓመቱ ለጥቂት ቀናት ውኃ ተለቅቆ ለእርሻ የሚሆን ጎርፍ እንደሚፈጠር በጥናቱ ተጽፎ ነበር። አዛውንቱ ያሳዩኝ ስንዝር እርጥበት ግን ለመንደሩ ሁሉ የሚበቃ አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር ብቀር እንግድነቴን እንደ መካድ ይቆጠርብኛል።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ደግሞ ነገሩ በሌላ በኩል ተገለበጠ። ቱርካና መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ ከሚገባበት ውኃ አብዛኛውን፣ ከመቶ ሰማንያ እጅ በላይ፣ የሚያመጣለት ኦሞ ነው፤ የሚቀንስለት ትነት ብቻ ነው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ሐይቁ እየሰፋ ወደ ሰሜን ወጥቷል፤ ወንዙም ሞልቶ በዳሰነች ወረዳ ብዙ ቀበሌዎችን ውኃ ከቧቸዋል፤ ግጦሹም ሰምጧል። ይህ ውኃ እንደ ቀድሞው ጎርፍ መጥቶ፣ ጭቃውን አስቀምጦ የሚመለስ አይደለም፤ መጥቶ ይቀመጣል። ያቺ መንደርም ከነበረችበት ተነሥታ ወደ ደረቁ ሜዳ ሄዳለች። ጎጆዎቹን ያፈረሱትም እንደገና የሠሩትም እነዚያው ሴቶች መሆናቸውን ጓደኛዬ ነግሮኛል፤ ከእንጨቱ የዳነውን በጀርባቸው ተሸክመው፣ ቆርቆሮውን በታንኳ ጭነው ነው የሄዱት።

አሁን ለተማሪዎቼ ወንዙን የምስለው ከመጨረሻው ጀምሬ ነው። መጀመሪያ ሐይቁን፣ ከዚያ ጎጆዎቹን፣ ከዚያ ወንዙን ሽቅብ እየተከተልኩ አዌቱ ድልድይ ላይ አደርሳቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «እኛ አዌቱ ውስጥ የምንጥለው ፌስታል እነሱ ጋ ይደርሳል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እኔም መንገድ ላይ ስንት ግድብ እንዳለ ከመቁጠር ሌላ ወዲያው የምመልሰው አላገኘሁም።

ጓደኛዬ በየክረምቱ ስልክ ይደውላል። አዛውንቱ አጠገቡ ተቀምጠው ሲያስጠይቁ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ጥያቄያቸውም ያው ነው፤ «ዘንቧል ወይ?» ይላሉ። ድሮ ይህንን የሚጠይቁት ተስፋ አድርገው ነበር፤ ዘንድሮ በሐምሌ ሲጠይቁኝ ግን ከድምፃቸው ፍርሃት ሰማሁ። እኔም በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ፤ ከማለዳ ጀምሮ ሳያባራ ይጥል ነበር። «አዎ አባቴ፣ በብዛት ዘንቧል» አልኳቸው፤ ጓደኛዬም እንዳለ ተረጎመላቸው።