በምንባቡ መሠረት

ለዘጠነኛ ክፍል በተሰጠ የአማርኛ ሚድ ፈተና ላይ አንዲት የእውነት ሐሰት ጥያቄ ነበረች። ተራ ቁጥር 4። «በምንባቡ መሠረት አበበ ቢቂላ ሁለቱንም የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው በባዶ እግሩ ሮጦ ነው።» የምትይዘው አንድ ማርክ ነው። በዚህች አንድ ማርክ ምክንያት ስታፍ ውስጥ የተፈጠረው ነገር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ምንባቡ ጥሩ ነበር። ከዲፓርትመንቱ የቆየ ፋይል የወጣ ነው፤ ማን እንደጻፈው አላውቅም፤ ግን የሚጽፍ ሰው ነው የጻፈው። ሦስት አንቀጽ አለው። የመጀመሪያው ስለ አስተዳደጉና ስለ ክቡር ዘበኛ ነው። ሁለተኛው ሮም ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ምሽት፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን እያበሩ፣ ያኔ ሮም ላይ ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት በኩል አልፎ፣ በባዶ እግሩ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ሦስተኛው ቶኪዮ ነው፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.። ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ከዚያ ተነሥቶ ሄዶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ማራቶንን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ በማሸነፍ በኦሊምፒክ ታሪክ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እዚሁ አንቀጽ መሀል ላይ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አለች። «በዚህ ጊዜ ግን የሮጠው ጫማ አድርጎ ነው» ትላለች።

ይሄ ሦስተኛ አንቀጽ ፈተናው ሲባዛ ወደ ወረቀቱ ጀርባ ዞሯል።

ልጆቹ ወረቀቱን አላገላበጡም። አብዛኞቹ «እውነት» ብለው አለፉ። እኔ በእነሱ አልፈርድም፤ ምክንያቱም ይሄን ነው የተማሩት። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዓመቱ ደግሞ 3.2 በመቶ። ያኔ እኛም ጋ ድንጋጤው ከባድ ነበር። ቱቶሪያል ጠዋት፣ ቱቶሪያል ማታ፣ ቱቶሪያል ቅዳሜ ሆነ። ከዚያ «ቴክኒክ» የሚባል ነገር መጣ። ለእንግሊዝኛውና ለአፕቲትዩዱ ምንባብ ተብሎ ጀመረና ወደ ታች ወርዶ ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ ድረስ ደረሰ። ቴክኒኩ ይሄ ነው፤ ምንባቡን አታንብብ፤ መጀመሪያ ጥያቄውን እይ፤ ከጥያቄው አንድ ዋና ቃል ያዝ፤ ያንን ቃል ምንባቡ ውስጥ ፈልግ፤ መልሱ እዚያው አጠገቡ ነው።

እስቲ በዚህ ቴክኒክ ቁጥር 4ን እንሥራት። «ባዶ እግር» የሚለውን ይዘህ ትሄዳለህ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ታገኘዋለህ፣ ደስ ይልሃል፣ «እውነት» ብለህ ትጽፋለህ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «ባዶ እግር» የሚል ቃል የለም። እዚያ ያለው «ጫማ» ነው። የምትፈልገው ቃል ስለሌለ ዓይንህ እዚያ አያርፍም። ቴክኒኩ ልክ ሥራውን ሠራ፤ ልጁን ግን ከመልሱ አንድ አንቀጽ ቀደም ብሎ አስቆመው።

እኔ የማስተምረው አሥራ አንደኛ ክፍል ስለሆነ በዚህ ፈተና እርማት አልነበርኩበትም። ቁጥር 4ን «ሐሰት» ብላ የመለሰች አንዲት ልጅ ነበረች፤ የማውቃት ከቅዳሜው የድጋፍ ክፍል ነው። ስም ዝርዝሩ ላይ ከስሟ ትይዩ «ንባቧ ዘገምተኛ» ተብሎ ተጽፏል። ዘገምተኛ መሆኗ እውነት ነው። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የምታነበው። አንድ ዐረፍተ ነገር ካልገባት ወደ ኋላ ተመልሳ ከአንቀጹ መጀመሪያ ትነሣለች። ጓደኞቿ ጨርሰው ሲንጫጩ እሷ ገና መሀል ላይ ናት። ታዲያ ስትጨርስ የጠየቅካትን ትነግርሃለች፤ ያልጠየቅካትንም ጭምር።

ወረቀት የተመለሰ ዕለት በእረፍት ሰዓት ስታፍ መጣች። ጥያቄውን ያወጡትና አንሰር ኪውን ያዘጋጁት የዲፓርትመንቱ ተጠሪ ናቸው። ጠረጴዛቸው ከእኔ ፊት ለፊት ነው፤ ሻይ እየጠጡ ነበር።

«ቲቸር፣ ቁጥር 4 ላይ ኤክስ ተደርጎብኛል» አለች።

ኪውን ከመሳቢያ አወጡና አዩት። «እውነት ነው የሚለው። አንቺ ሐሰት ብለሻል።»

«አዎ ቲቸር። ግን ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ነው የሮጠው።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ምንባቡ።»

ወረቀቱን ገልብጣ ጣቷን ቦታው ላይ አድርጋ ዘረጋችላቸው። እሳቸው ወረቀቱን አላዩትም። ያዩት እሷን ነው። «የኔ ልጅ፣ አበበ በባዶ እግሩ መሮጡን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ? ዓለም የሚያውቀውን ነገር?»

«ሮም ላይ ነው ቲቸር። ጥያቄው ደግሞ ሁለቱንም ይላል።»

«አንድ ማርክ እኮ ናት። በአንድ ማርክ እንዲህ ትሟገቻለሽ?»

እዚህ ላይ ትሄዳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ዓይን አፋር ልጅ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስሟን ጠርቼ ካልጠየቅኳት አትናገርም። አልሄደችም። ጣቷ እዚያው ነው። «ማርኩ ይቅር ቲቸር፤ ግን እስከ መጨረሻው ይዩልኝ» አለች።

አላዩላትም። «በቃ እናየዋለን፣ ደወል ሊደወል ነው፣ ሂጂ» አሏት።

ተነሣሁ። ከመምህር ጋር ተማሪ ፊት መከራከር ደስ አይለኝም፤ በዕድሜም ይበልጡኛል፤ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ወረቀቱን ከእጇ ወሰድኩና «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ላንብብልዎት» ብዬ ሦስተኛውን አንቀጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ቀዶ ሕክምናውን፣ ጫማውን፣ ሰዓቱን፣ ሁሉንም። ደብተር ሲያርሙ የነበሩት ባልደረቦች ቀና አሉ። አንዷ «እኔ ይሄ ገጽ መኖሩንም አላየሁም» አለች። እሷም አንድ ሴክሽን ሙሉ አርማለች። በኪው ነው የታረመው፤ ኪው ካለ ምንባቡን ማን ያየዋል?

ተጠሪው ወረቀቱን ተቀብለው ለመጀመሪያ ጊዜ አገላበጡት። ትንሽ ቆዩ። «እሺ፣ ጥያቄዋ ችግር አለባት። ትሰረዝ። ለሁሉም ተማሪ አንድ አንድ ማርክ ይሰጥ።»

እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ኪው መሳሳቱ አይደለም፤ ኪው ይሳሳታል፤ በየፈተናው የሚያጋጥም ነገር ነው። ግን ጥያቄዋ ምን ችግር አለባት? ጥያቄዋ ከፈተናው ሁሉ ምርጧ ነበረች። ያነበበውን ካላነበበው የለየች እሷ ብቻ ናት። «ኪው ይታረም፣ ሐሰት ያለ ያግኝ፣ እውነት ያለ ይጣ» አልኩ። እሳቸው ደግሞ የተሰጠ ማርክ ከተቀነሰ ወላጅ ግቢውን ይሞላዋል አሉ። ምሳሌ ጠቀሱ፤ ባለፈው ዓመት በሒሳብ ፈተና የደረሰውን። ልክ ናቸው፣ ይሞላዋል። ዩኒት ሊደሩም መጥቶ በእሳቸው ሐሳብ ተስማማ። ስለዚህ ወረቀቷን ያላገላበጠውም፣ ምንባቡን ጭራሽ ያልጀመረውም፣ ሁለት ጊዜ ያነበበችውም አንድ አንድ ማርክ ተሰጣቸው። ልጅቷ ይሄ ሲወሰን እዚያው ቆማ ነበር። «አመሰግናለሁ ቲቸር» ብላ ሄደች።

ሰውየው ክፉ ሰው አይደሉም። ረጅም ዘመን አስተምረዋል፤ ሰዋስው ሲያስተምሩ ክፍላቸው በር ላይ ቆሜ አዳምጬ አውቃለሁ። ግን ራሳቸው ያወጡትን ፈተና እስከ መጨረሻው አላነበቡትም። ጣት ተቀስሮ ሲታዩም አላነበቡትም። የመጀመሪያው በጥድፊያ ይደርሳል። ሁለተኛውን ዛሬም አልዋጠልኝም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «ይዩልኝ» ስትል ወረቀት ዝቅ ብሎ ማየት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ምንባቡ ላይ ከተጻፈው ይልቅ ከድሮ ጀምሮ የምናውቀው ነገር ከበለጠብን፣ «በምንባቡ መሠረት» ብለን ጥያቄ ማውጣታችንስ ለምንድን ነው?

አንድ ነገር ግን አለ፤ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። የልጅቷ ጠቅላላ ውጤት ዝቅተኛ ነበር። ከኋላ ያሉትን ስድስት ጥያቄዎች ባዶ ትታቸዋለች። ጊዜ አልበቃትም። ምንባቡ ላይ ቆይታ ነው። ጀርባውን ያላዩት ልጆች በቴክኒካቸው ጨርሰው፣ መልሰው አይተው፣ ከእሷ የተሻለ አመጡ። ስለዚህ «እስከ መጨረሻው አንብቡ፣ ይጠቅማችኋል» ብዬ ለተማሪ ስናገር ይቺ ልጅ ትመጣብኛለች። አንብባ ምን ተጠቀመች? እኔ ዛሬም አንብቡ ነው የምለው። ግን እንደ ድሮው «ውጤታችሁ ያድጋል» ብዬ ቃል አልገባም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ያንኑ ምንባብ ወስጄ ገባሁ። ሙሉውን 40 ደቂቃ ለእሱ ብቻ ሰጠሁት። ጥያቄ አላዘጋጀሁም፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ እናንተ ጠይቁ አልኳቸው። መጀመሪያ ግራ ተጋቡ። ከዚያ አንዱ ልጅ «ጳጉሜን 5 ማለት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው እንዴ?» አለ። ሌላኛዋ «ጳጉሜን 6 ሆና ከነበረስ?» አለችው። ምንባቡ አይናገርም፤ ቀኑን ብቻ ነው የሚናገረው። ከኋላ የተቀመጠ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ልጅ እጁን አወጣ። 1952 ላይ 5500 ደመረ፣ 7452 አለ፣ ለአራት አካፈለ፣ ምንም አልተረፈም። «ዘመነ ዮሐንስ ነው። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው ሦስት ሲተርፍ፣ በሉቃስ ነው። ስለዚህ አምስት ናት። ዋዜማ ነው!» ክፍሉ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። አበበ ሮም ላይ ሲገባ እዚህ አገር ሰው ለአዲስ ዓመት እየተሰናዳ ነበር ማለት ነው። ምንባቡ ላይ እንዲህ ተብሎ አልተጻፈም፤ ግን ቀኑን ዝም ብሎ ላላለፈ ሰው እዚያው ውስጥ አለ። ዘገምተኛ የተባለችዋ ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር ጠየቀች። «የታመመው ከቶኪዮ በፊት ከሆነ፣ ጫማ ያደረገው በሕመሙ ምክንያት ነው ብለን እንዳንሳሳት፤ ምንባቡ ምክንያቱን አልነገረንም» አለች። እኔ ራሴ ልጠይቃቸው አስቤው የነበረ ነው፤ ቀደመችኝ።

ያን ቀን ለክፍል ምልከታ የመጣ ሰው ነበር። ቅጹ ላይ «መምህሩ በቂ ጥያቄ አላቀረበም» ብሎ ጻፈብኝ። ፈረምኩለት። ከፊርማዬ ሥር «ጥያቄ ያቀረቡት ተማሪዎቹ ናቸው» ብዬ ጨመርኩ።

የፋይናሉን ምንባብ እንዳዘጋጅ አሁን ለእኔ ተሰጥቶኛል። ተጠሪው ራሳቸው ናቸው የመደቡኝ፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። አንድ ገጽ ላይ እንዲያልቅ አድርጌዋለሁ። ኪው ከመዘጋጀቱ በፊት ሁለት መምህራን ምንባቡን ብቻ ይዘው ፈተናውን እንዲሠሩት ጠይቄ እሺ ተብያለሁ። ያልተስማማነው በጥያቄው ብዛት ነው። እኔ ዘገም ብሎ የሚያነብ ልጅም እንዲጨርስ ከሠላሳው ወደ ሃያ ይቀነስ እላለሁ። እሳቸው ሠላሳ ካልሆነ የይዘት ሽፋኑ አይሟላም ይላሉ። ነገ ዲፓርትመንት ስብሰባ አለን፤ የልጅቷን የሚድ ወረቀት ኮፒ አድርጌ ይዤ እገባለሁ።